የሳልኩት ሰው

ሰኞ ነበር፣ የበጋው ማብቂያ፤
በደቡብ አውስትራሊያ፣ በካራዊ ወደብ፣
የመንገዱ ሬንጅ ቀልጦ ጫማ ይይዛል።
የፔንሮዝ ልጆች፣ ቬርና ዘጠኝ፣ ኪት ስድስት፣
ሃያ ሳንቲም ጨብጠው
ለመንጠቆ የሚሆን ትል ሊገዙ ወጡ።
እስከ ዛሬ ሱቅ ናቸው።

እኔ የፖሊስ ሠዓሊ አልነበርኩም፤
የሱቅ ሰሌዳ ጻፊ ነበርኩ፦
“ትኩስ ዳቦ”፣ “ቀዝቃዛ ቢራ”፣ “ጎማ እንጠግናለን”።
ኢንስፔክተር ሃልዴን ደጄን አንኳኳ፤
“እጅህ ሰው ይችላል?” አለኝ።
ይችላል አልኩት። ዋሸሁ።

ትኬት ቆራጯ ኤኒድ ዓይኗን ጨፍና ተናገረች፦
“ፊቱ ሞላላ… ፀጉሩ ቡናማ… አይ፣ ገብስማ፤
ከንፈሩ ስስ ነው፣ ሣቁ ግን ሰፊ።”
“ጥርሱስ?”
“ጥርሱን አላየሁም” አለችና አለቀሰች።

ዓሣ አጥማጁ ላርስ ያየው ባርኔጣ ብቻ ነው።
“ከሥሩ ሰው ነበረበት” አለኝ፤
ስለ ሰውየው ይኸው ነው።
ስለ ባርኔጣው ግን ሩብ ሰዓት አወራኝ፦
ስለ ሪባኑ፣ በግራ በኩል ስለተተረተረው ጠርዝ፣
ላብ ስላወየበው ክፈፍ።

ደዝሞንድ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤
ወንበር ላይ ሲቀመጥ እግሩ ወለል አይነካም።
“ምን ይመስላል?” ስለው፣
“ሰው ይመስላል።”
ሃልዴን ተቆጣ። እኔ ግን ጻፍኩት፣
ከወረቀቱ ጥግ፣ በደቃቅ ፊደል፦
ሰው ይመስላል።

እርሳሱን ስስል፣ ፊቱን ስስል፣
በሃልዴን ሲጋራ ጢስ ታፍኜ ስስል፣
ሦስቴ ሳልኩ፤ ሦስት ሰው ወጣ፦
አንዱ ከሲታ፣ አንዱ ድንቡሽቡሽ፣ አንዱ ባዶ ባርኔጣ።

ጋዜጣ ላይ ወጡ፤ በየምሰሶው ተለጠፉ፤
ፂም የሌላቸው አሳደጉ፣ ያላቸው አረገፉ።
ያን ክረምት ባርኔጣ የደፋ ወንድ አልታየም፣
ዝናቡ አናት ቢመታም።
የዳቦ ጋጋሪው አማች፣ ሰላምተኛው ሰውዬ፣
አገጩ የሳልኩትን ስለመሰለ
አንድ ሌሊት መስኮቱ ረገፈ፤
ሲነጋ ዕቃውን ጭኖ ሄደ።

ያ አገጭ የማን እንደሆነ አውቃለሁ።
ኤኒድ አገጩን አላስታወሰችም፤
ወረቀቱ ላይ ክፍት ቦታ ነበር፣ ሃልዴን ሰዓቱን ያያል፤
ክፍቱን የሞላሁት ከአባቴ ነው።

እናትየዋ ተስላ፣ እኔ ስዬ፣
ሠላሳ ስምንት ዓመት አለፈ።
ፖሊስ አሁን በኮምፒዩተር ይስላል፤
ሙሪየል ፔንሮዝ ግን በከዘራዋ ደጄን መታች፤
“ልጆቼን አሳድግልኝ” አለች።

የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ ፎቶ አመጣች፤
ማዶዬ ተቀምጣ የራሷን ፊት አዋሰችኝ።
ከዓይኗ ሥር ያለውን እብጠት ለቬርና፣
የሟች ባሏን ራሰ በራነት ለኪት፤
የወለቀውን የፊት ጥርስ ተከልኩ።
“ሽበት ጨምርባት፤ የኛ ዘር ቶሎ ይሸብታል።”
ጨመርኩ።
“ለኪት መነጽር ላድርግለት?”
አሰበች።
“አባቱም በአርባ ዓመቱ ነው የጀመረው፤ አድርግለት።
ወፍራም ፍሬም እንዳይሆን፤ አፍንጫው ትንሽ ነው።”

ከዚያ አምስቱንም ወረቀት ደረደርን።
ያን ሰው ጊዜ አልነካውም፤
ያኔም ሠላሳ አምስት፣ ዛሬም ሠላሳ አምስት።
ቬርና አርባ ሰባት ሞልቷታል፣ ኪት አርባ አራት፤
መንገድ ላይ ቢያገኙት
“አንተ ልጅ” ብለው ይጠሩታል።

ሙሪየል ጎንበስ ብላ ቆየች።
ከሲታውን አነሳች፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው፤
“ይኼን አገጭ” አለች፣ “የት ነው የማውቀው?”
ቀና ብላ አየችኝ።

አንገቴን ደፋሁ፤
እርሳሴን መሳል ጀመርኩ፣
ሹል ሆኖ ሳለ።