ስንዝር ቱቦ

የደብረ ብርሃን ጠዋት፣ ቆርቆሮው ውርጭ አዝሎ፣
ፒካፗ ደጄ ደረሰች፣ ሞተሯ ደጋግሞ ስሎ።
ወይዘሮ ሸዋረጋ ነች፣ ከደብረ ሲና ሽቅብ
ሌሊቱን ከጣርማበር ጋር የገጠመች ግብግብ።
«ካምቢዮው ሞቷል አሉኝ፣ ሦስት ጋራዥ ዞሬ ነበር፤
አንዱ ይውረድ አለኝ፣ አንዱ ሽጪው ለቆራሌ፣ በብር።»

እኔም አልዋሽም፣ ልፈርድ ትንሽ ነው የቀረኝ፤
አውቶማቲክ የሚሉት ድሮም አይጥመኝ።
ባለ ፍሪሲዮን ለምደን፣ በግራ እግራችን አስበን፣
ግራ እግር ሥራ ሲፈታ እኛንም ግራ ገብቶን።

ቢሆንም ዘይቱን ልየው። መለኪያውን በጨርቅ አብሼ፣
እንደ ጠላ ቀማሽ አሸተትኩት፣ አጎንብሼ።
አልተቃጠለም። እንደ ቀይ ሥር ውሃ ቀልቷል፤
እንግዲህ ምኑን አይተው ነው «ሞቷል»?

ሚኒሞዋን አዳመጥኩ፦ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ትሮጣለች፣
ማርሹ ዲ ላይ ሲገባ ተንቀጥቅጣ ትጠፋለች።
ሁለተኛው ማርሽ ዘግይቶ፣ ከብዙ ጩኸት በኋላ፣
በርግጫ ይገባል፣ ሰው ገፍቶት ይመስል ከኋላ።
ሁለት ሕመም መሰለኝ፣ የሞተርና የካምቢዮ፤
የወይዘሮዋን ቦርሳ አየሁና፣
ወዮ!

ኮፈኑን ከፍቼ ልጁን «ሬዲዮውን ዝጋ» አልኩት።
አንድ ነገር ያፏጫል።
ቁራጭ ላስቲክ ጆሮዬ ላይ ደግኜ፣
ሞተሩን ዞርኩት፣ ደረት እንደሚያዳምጥ ሐኪም ሆኜ።
ከጀርባው፣ እጅ በማይገባበት፣ ወደ ካምቢዮው የምትወርድ
ጣት የማታህል የአየር ቱቦ፤ ተሰንጥቃለች።
ስንጥቁ ላይ የነጠላ ጥለት፣ በሦስት ቋጠሮ የታሰረ፣
ቅባት የጠጣ፣ የጠቆረ፣
አሁን ግን የላላ።

«የእንግዳሸት ቋጠሮ ነው፤ ጥለቱም የኔ ነጠላ!
ማን ቀደደብኝ ብዬ ስንት ቀን ተጣላሁት፣ ነፍሱን ይማረውና…»
አለች፤ ሳቀች፤ ፊቷን አዞረች ወደ ሌላ።

በዚያች ስንጥቅ አየር ሲሰርቅ ሞተሩ ሚኒሞ ይስታል፤
ካምቢዮውም የሞተሩን ሳብታ አጥቶ ሰዓቱን ይረሳል።
ስንዝር ቱቦ ቆርጬ አስገባሁ።
ዳሽቦርዱ ላይ ያስቀመጥኩት የሻይ ብርጭቆ
መንቀጥቀጡን ተወ።

አሮጌዋን ቱቦ ከነቋጠሮዋ ጠቅልላ ቦርሳዋ ከተተች።
«ዳነች?» አለችኝ።
ሜዳ ላይ ሁሉም መኪና ጤነኛ ነው፤
ዳገቱን ጠይቂ አልኳት።

ሐሙስ ስልኬ ጮኸ። ሽንኩርት ጭና፣ ዳገቱ ወገብ ላይ፣
መንገድ ዳር ቆማለች፣ ጉም ውስጥ።
«ስማ እንግዲህ» አለች፤ ስልኩን ወንበሩ ላይ ጣለችው።
ሰማሁ። አንደኛ፣ ከበድ ብሎ።
ሁለተኛ፣ ሳይጮህ፣ በር እንደሚዘጋ ጨዋ እንግዳ።
ከዚያ ሞተሩ ብቻ፣ ለረጅም ጊዜ። የሽንኩርት ጆንያ ሲንፏቀቅ።
ሦስተኛው ሊገባ ሲል
ዋሻው ዋጣት፤ መስመሩ ተቆረጠ።

ካቻቢቴዬን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ።
ልጁ ሬዲዮውን ሊከፍት እጁን ሲሰድ
«ቆይ» አልኩት።