ሬናቶ ስንቴ ሞተ

ቅዳሜ ሲመሽ፣ አቃቂ፣ ከጥጥ ፋብሪካው ጀርባ፣
ፀጉሩ ጥጥ የለበሰ ሕዝብ አዳራሽ ሲገባ፣
ደረሳ ማሽኑን ነካክቶ፣ መብራቱን አጥፍቶ፣
አንሶላው ላይ ይመጣል ጣልያኑ ሬናቶ።

ስሙ ከሁሉም በታች ነው፣ ትንሽ፣ ቶሎ የሚያልፍ፤
ሥራው መሞት ነው እንጂ አይደለም ማሸነፍ።
ባንዱ ፊልም ሽፍታ ነበር፣ ከጣሪያ ላይ ወደቀ፤
ባንዱ የሮማ ወታደር፣ ጦር ወግቶት አለቀ፤
ባንዱ ቄስ፣ ባንዱ የባንክ ዘበኛ፣
አንዲት ቃል ሳይናገር ተኛ።

ከፈታዮቹ መሃል እትዬ ዘርፈሽዋል
«ነፍስህን ይማር፣ ልጄ» ስትል ወንዱ ሁሉ ይስቃል።
«ባለፈው ሳምንትም ሞቷል!»
«እና? እኔስ በሌሊት ፈረቃ
ስንቴ ሞቼ ተነሣሁ?»

ዓመታት ሄዱ። ጢሙ ሸበተ፣ ያለ ቀለም።
አንድ ቀን ደረሳ አመጣ ስሙ ከላይ ያለበት ፊልም።
ሬናቶ ሽማግሌ ነው፣ የባቡር መስመር ጠባቂ፣
ፋኖስ ይዞ ሐዲድ የሚዞር፣ ቁርጥ የእኛው ሰው፣ ያቃቂ።
አሥር ደቂቃ አለፈ። አልሞተም።
ሰዓት አለፈ። አልሞተም።
ዘርፈሽዋል የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ንቅንቅ አላለችም።
ባቡሩ ሲመጣ፣ እሱ ሐዲዱ ላይ፣ ፋኖሱን አንሥቶ፣
መብራት ሄደ።
ጨለመ አቃቂ። ጨለመ ሬናቶ።

ደረሳ በማግስቱ ጥቅሉን መለሰ ከተማ፤
መጨረሻውን ያየ የለም፣ ያወራም አልተሰማ።

ፋብሪካው ተዘግቶ፣ ጡረታ ወጥታ፣ ደጇ ሄጄ ጠየቅኋት፤
ያ ሰውዬ ምን ሆነ ይሆን ብዬ አስታወስኳት።
«ምን ይሆናል?» አለች፣ ጫማዋን እያወለቀች፤
«ፈረቃው አልቆ ቤቱ ገባ፤ ሚስቱም በሩን ከፈተች።»