ግማሽ ጥለት

ለአዳራሹ ሦስት ሺህ ድርሃም ሲሉን
ሽኩሪያ ሳቀች፤ "በሦስት ሺህማ
የእናቴን ቤት ቆርቆሮ አለብሰዋለሁ፤
ለእኔስ ጣራም አያሻኝ" አለችን።

ሻርጃ፣ ሮላ፣ ከስድስተኛው ፎቅ በላይ፣
በውሃ ታንከሮችና በዲሾች መሀል፣
ኮንክሪቱ የቀኑን ሐሩር ሲተፋ፣ ከላይ ሰማይ፣
"እዚህ ነው" አልን። "እዚህ ያምራል።"

እኔ መጋረጃ ቤት ነኝ። ቀን የሰው ሳሎን እለካለሁ፤
ማታ ከመቀስ የተረፈውን ከወለል እለቅማለሁ፦
ከአልቃስሚያ ቪላ ክንድ የማይሞላ ሐር፣
ከሐኪም መኝታ ቤት የክሬም ገበር፣
ከሆቴል ደግሞ ካውያ የነካው ነጭ ሻሽ።
መስኮት ሊጋርድ የተሸመነ ጨርቅ
አንዲት ልጅ ሊገልጥ ተሰፋ።

አወል ኤሲ ጠጋኝ ነው።
የጥሪ ወረቀቱን በደረሰኝ ጀርባ ጻፈው፤
ፊቱ፦ "ጋዝ ተሞልቷል፣ መቶ ሃምሳ"፤
ጀርባው፦ "ዓርብ ማታ ኑልን። ሊፍቱ አይሠራም፣ እንዳይረሳ።"
ቀለበቱን ከመዳብ ቱቦ ቆረጠው፣
በብርጭቆ ወረቀት ሦስት ሌሊት አሸው።
"ጣት አረንጓዴ ያደርጋል እኮ" አልነው።
"ያድርግ" አለ፣ "ወርቅ ምን ምልክት ይተዋል?
አውልቀው ቢሸጡትስ ማን ያውቃል?"

የዛገውን ዲሽ አወረድነው፣ አጠብነው፣ ፎይል አለበስነው፤
ስንት ቻናል የለቀመ ሳህን
አምባሻ ተሸከመልን።

ብቻ ጥለቱ።
እናቷ ከከሚሴ በሰው እጅ ልካው፣
በሻንጣ ጥግ፣ ከበርበሬ ጋር ታሽቶ፣
ሲፈታ ሦስት ክንድ።
የቀሚሱ ዙሪያ ስድስት።
በስልክ ድምጿ መጣ፦ "ሸማኔው ታሞ ተኛ፤
ሌላው ከተማ ገባ፤ ያለኝ ይኸው ነው፣ ልጄ።"
ሽኩሪያ አላለቀሰችም። ያለቀስኩ እኔ፤
ስፌቱን የማውቀው እኔ ነኛ።

እሷ ግን ጥለቱን በግራ በኩል ዘረጋችው።
"የቀረውን" አለች፣ "የመጣ ሰው ይጨርሰው።"

ዓርብ ማታ ደረጃውን የጨረሰ ሁሉ፣ ትንፋሹ ሳይመለስ፣
ከበሩ ላይ ቀይ ክርና መርፌ ይቀበላል።
ሙፈሪያት ዶሮ ዓይን ሠራች፣ የአገሯን።
ሹፌሩ ጀበል፣ እጁ መሪ እንጂ መርፌ የማያውቅ፣
ሦስት ጊዜ ተወጋ፤ የእሱ ስፌት
መንገድ እንደሳተ መኪና ወደ ጉልበቷ ወጣ።
ዘውድነሽ፣ እመቤቷ እስከ አራት ሰዓት የፈቀደችላት፣
ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ሰፍታ፣
ሳትቀምስ ወረደች።

ስንት ወለል በጉልበቷ ያበሰች ልጅ
ዛሬ ቆማለች፤ ሰው ይንበረከክላታል።

ከዚያ ሩኮን መጣ፣ የሕንፃው ጠባቂ፣
እልልታውን ከምድር ቤት ሰምቶ፣
ቁልፉን እያንቃጨለ፣ ፊቱን ቋጥሮ፦
"ኻላስ! ኻላስ! ባለቤቱ ይደውላል!"
ማን እንደሆነ አላየሁም፤ አንዱ መርፌ ሰጠው።
ሰውየው መርፌውን በመብራት አየው።
ክሩን በጥርሱ በጠሰ፣ እግሩን አጥፎ ተቀመጠ፣
አንድ ስንዝር፣ ቅጠል በቅጠል፣ ማሽን የማይሠራውን ሠራ።
"ሲልሄት ሱቅ ነበረኝ" አለ በተሰባበረ አረብኛ፤
"ሲንጀር ነበረኝ።"
ደግሞ ተነሣ። "እልል ስትሉ ቀስ በሉ" ብሎ
አምባሻውን በመሐረብ ጠቅልሎ ወረደ።

ሁሉም ሲበተን ዙሪያው አልገጠመም፤
አራት ጣት ያህል ባዶ ቀረ።
"ቆይ ልሙላው" ብዬ ጎንበስ ስል
እግሯን ሰበሰበች።
"ተዪው" አለች። ሌላ አላለችም።

በማግስቱ ሱቅ ገብቼ
የሰው ነጭ መጋረጃ ዘርግቼ፣
አንገቴን ሲቆረቁረኝ ኮሌታዬን ዳበስኩ፦
የትናንቱ መርፌ፣ ከነቀይ ክሩ።
ወዲህ አየሁ፣ ወዲያ አየሁ፤ አሠሪዬ ስልክ ላይ ነው።
ከጠርዙ፣ በውስጥ በኩል፣ ማንም ከማያየው፣
አንዲት ቀይ ስፌት ጣል አደረግሁና
አጠፍኩት።