የፈረስ ጉልበት

ከኮቤ ሊቨርፑል ሁለት ወር ተጉዛ፣
በጣውላ ሣጥን ውስጥ እንደ ሬሳ ተገንዛ፣
የቀረጡ ማኅተም ደረቷ ላይ ታትሞ
ቤተ ሳይዳ ገባች፣ ሰማዩ ጨልሞ።
የኔ መንደር ናት፣ ከዌልስ ተራራ ሥር፣
ድንጋይ ሰንጥቃ ለዓለም ጣራ ስትደረድር
የኖረች፤ አሁን ግን የካባው ድምፅ የሳሳባት፣
ከዝናቡ የበረታ ሠራተኛ የሌላት።

ቴግዌን ናት የገዛች። አውቶቡስ ትነዳለች፤
ተማሪ ታመጣለች፣ ተማሪ ትመልሳለች።
አንድ ሌሊት እንቅልፍ ጥሏት ቢኮበልል
በስልኳ መስታወት ብቅ አለች፣ ከሩዝ ጎተራ፣ ከሸረሪት ድር መሐል፤
ሠላሳ ስምንት ዓመት የሚያስነሣት አጥታ፣
ጎማዋ ጠውልጎ፣ ግድግዳ ተጠግታ።
የእናቷን ፒያኖ ሸጠች፤ “አበደች” አሉ ልጆቿ፤
“ፒያኖ የትም አይወስድም” አለች፣ ገንዘብ እየቆጠሩ ጣቶቿ።

እኔ ኢድዋል ነኝ፤ ብየዳና ቀለም እንጀራዬ፣
አሮጌ ነገር በወጉ ሲቆም ነው ደስታዬ።
ቡሎኗን በቡሎን፣ ዳዶዋን በዳዶ፣
እንደ ተወለደች ላቆማት ነበር፣ ልቤ ወዶ።
እሷ ግን፦
“ወንበሩን ቁረጠው፣ እግሬ መሬት ይንካ፤
መሪውን ከፍ አርገው፣ ወገቤ እንዳይነካ፤
ለውሻዬ ቅርጫት ከኋላ አብረህ በይድ፤
ጥሩምባዋም ይጩህ፣ በግ ሰምቶ እንዲሄድ።”
“እንዲህማ ዋጋዋ ይወድቃል” አልኳት፤ “ክብሯም።”
“ኢድዋል፣ ሙዚየም አልገዛሁም” አለች፤ “ሐውልትም።”
ተኳረፍን። አንድ ሳምንት ስልኳን አላነሳሁም፤
ካርቡራቶሯን ብቻ በቤንዚን አጠብኩ፤ ሌላ አልነካሁም።

በሁለተኛው ሳምንት ሰልባቲዮውን አወረድኩ፣
የብርጭቆ ወረቀት ነክሬ ፋቅ ፋቅ አደረግኩ፤
ከቀዩ ሥር ጥቁር፣ ከጥቁሩ ሥር አመድማ፣
እያንዳንዱ ቀለም የአንድ ሰው ጠባይ፣ የአንድ ሰው ዓላማ።
“እንደ ተወለደች” ያልኩት በየትኛው ልደቷ ነው?

ከዚያ፣ በስተግራ፣ ከሞተሩ በላይ፣
መዳፍ የምታህል ቦታ፣ ቀለም አልባ፣ ላሜራው የሚታይ፤
ፍቀት አይደለም፣ ግጭትም አይደለም፤ ለስልሷል፣
እንደ በር እጀታ፣ እንደ ደረጃ ድንጋይ በመነካካት ተልሷል።

የሰው ጉልበት ነው።
ስሙን የማላውቀው፣ ቁልቁለትና ዝናብ ባንዴ ሲገጥመው
ጎኗን እንደ በቅሎ ጨምቆ የያዘው።
መጽሐፏ “አርባ ሦስት የፈረስ ጉልበት” ይላል፤
የዚያን ሰውዬ ግን ማን ጽፎት ያውቃል?

ቴግዌንን ጠራኋት። ጣቷን አሳረፈች።
ዝም ብላ ቆየችና “ይቺን ተዋት” አለች።
“ሌላውን የካባችንን ድንጋይ አስመስለህ ቀባው፤
ወይን ጠጅ ነው፣ ሰማያዊ ነው የማትለው፣ ጥዋት ዝናብ ሲመታው።”

እኔም በሽምግልናዬ ከመጽሐፉ ወጣሁ፤
ወንበሩን ቆረጥኩ፣ ቅርጫቱን በየድኩ፣ ጥሩምባ አመጣሁ።
በዚያች መዳፍ ቦታ ቬርኒቺ ብቻ ረጨሁ፣ ዝገት እንዳይበላት ብዬ፣
ትንፋሼን ይዤ፣ እጄን አቅልዬ።

መጋቢት ላይ ነው። አንዴ ረገጠች፤ ምንም።
ሁለቴ፤ አስነጠሰች። “ካንዴላው ነው” አልኩ፤ አልነበረም፤
ቤንዚኑን መክፈት ረስቼ ነው። (አትንገሩብኝ።)
በሦስተኛው
ሠላሳ ስምንት ዓመት ከጉሮሮዋ ወጣ፣ ጭስ ሆኖ፤
የጎረቤት መስኮት ተንቀጠቀጠ፣ ውሻው ዘለለ ባንኖ።

ስትቀመጥባት አየሁ፤ ጉልበቷ ከሰውየው ቦታ አይደርስም፣
ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ይላል። አልነገርኳትም።

ዘንድሮ ዘይት ልታስቀይር አምጥታት፣ ጨርቅ ይዤ ሳብስ፣
ከዚያች ቦታ በታች፣ በሁለት ጣት ልክ፣
የኔ ቀለም ጀምሯል ሊሳሳ፣ ሊለሰልስ።