ቤቱ ሰው ነበረበት?

ከዚራ ስደርስ ሁለት ሰዓት አይሞላም፣
የድሬ ፀሐይ ግን ማለዳ አያውቅም፤
ሸሚዜ ከጀርባዬ፣ ፋይሉ ከመዳፌ ተጣብቆ
አንኳኳሁት በሩን፣
ውሃ ጠጥቶ አብጦ፣ ከመቃኑ ጋር ተናንቆ።

ኑሪያ አብዶሽ ከፈተች፣ በትከሻዋ ገፍታ፣
«ጫማህን አታውልቅ» አለች፣ ወደ ጓሮ ተመልክታ፣
«ምንጣፉ ገመድ ላይ ነው።»

እኔ ገማች ነኝ፣ የኢንሹራንስ ሰው፣
ሥራዬ መለካት፣ መጠየቅ፣ መጻፍ ነው።
«ቧንቧው የቱ ጋ ነው?»
ከማድቤቱ ጥግ አሳየችኝ፣ የባቡር ዘመን ብረት፣
ኖራ ዘግቶት ዘግቶት እርሳስ የማያስገባ አንገት።
የድሬ ውሃ እንዲህ ነው፣ አጠጥቶህ ድንጋዩን ይተውልሃል፤
ማንቆርቆሪያም ኩላሊትም ይመሰክሩልሃል።
ሁለት ሳምንት ጠፍቶ አንድ ሌሊት ሲለቁት
አየሩን ከፊቱ እየነዳ መጣ፣
ኖራው አላሳልፍ ሲለው
ጎሚቶውን ሰንጥቆ ወጣ።

እሷ ያን ጊዜ ጅቡቲ ነበረች፣ እህቷን ስታስታምም።
ውላችን እንዲህ ይላል፦ «ከሠላሳ ቀን በላይ
ቤቱ ባዶ ከሆነ፣ ለውሃ ጉዳት አንከፍልም።»
አርባ አንድ ቀን ቆየች።
ሐኪሙ የሰጠው ሠላሳ ነበር፤
እህቷ አሥራ አንዱን ቀን ከራሷ ጨመረች፣
ኑሪያም አጠገቧ ቁጭ ብላ
የደረቀ ከንፈሯን በጥጥ አራሰች፣
ጠብታ፣ ቆይታ ደግሞ ጠብታ።

ጋሽ ሲራክን ጠየቅኩ፣ ግድግዳ ተካፋዩን፤
ሦስት ሌሊት ሙሉ ሰምተዋል ፏፏታውን።
«ኑሪያ ገባች ብዬ ደስ አለኝ» አሉኝ፣
«እንኳን ደህና መጣሽ! አልኩ በአጥሩ፣ ዝም አለችኝ፤
ኀዘን ይዟት ይሆናል ብዬ ተውኳት።
ውሃ እየሰማሁ፣ ቤቱ ባዶ ነው ልበል?»

ወለሉን ለካሁ፣ ቁምሳጥኑን፣ የተላጠውን ቀለም፤
ጓሮ ያለው ሎሚ፣ አምና ደርቆ የነበረው፣
አበባ አውጥቷል።
«የተጎዳ» የሚል ዓምድ አለኝ፣
የተጠቀመ የሚል ግን የለኝም።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ፣ ከቅጹ ግርጌ፦
«ቤቱ ሰው ነበረበት? አዎ፣ አልነበረም።»
እሷ ከመሳቢያ ወረቀት አወጣች፣ ትናንት የመጣ፣
የውሃ ሂሳብ፣ የሦስት ዓመት ቢደመር የማያክለው።
«ቆጣሪው አይዋሽም አሉኝ ውሃና ፍሳሾች፣
ነበርሽ፣ ታጥበሻል፣ ጠጥተሻል፣ ክፈይ አሉኝ።
የናንተ ቢሮ ደግሞ አልነበርሽም፣ አንከፍልም ይለኛል።
ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ፣ እስኪ ንገረኝ፣
ከሁለታችሁ በየትኛችሁ ወረቀት ነው የኖርኩት?»

መልስ አልነበረኝም።
«አልነበረም» የሚለውን ከበብኩት፤
ከመዳፌ ላብ የተነሣ
ክቡ ተዘረጋ፣ ቀለሙ ፈሰሰ፣
እስከ «አዎ» ድረስ ደረሰ።