የስድስት ወር ቀጠሮ

ፖርቶ ላይ ዝናብ ነው። ፊሎሜና ቁጥሯን ይዛ፣
ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀምጣለች ፈዛ።

«ንጹህ ነሽ» አላት ሐኪሙ፣ ፊልሙን ወደ መብራት ይዞ።
«ቆሽሼ ነበር እንዴ?»
ዝም ብሎ ጻፈ፣ እስክሪብቶ መዝዞ።

«መከራ ነፍስ ያጠራል» ብለዋት ነበር ቄሱ፤
«ሴት ስትችለው ታምራለች» የሚሉት ደግሞ እነሱ፣
ሌሊት ባልዲ ያልያዙ፣ አንሶላ ያልለወጡ።

እሷን ምንም አላስተማራት። ጠባሳው ሲበርድ ያሳክካል፣
ክንዷ ብረት ድስት አያነሳም፤ ይኸው ነው፣ ይበቃል።

ትምህርት ካለ ዙልሚራ ናት፣ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት፣
ከዓሣ ፋብሪካ ፈረቃ መልስ፣ እጇ ሰርዲን ሰርዲን እየሸተተ
ጀርባዋን ያጠበችላት፣
ማንም ያልከፈላት፣
ማንም ቅድስት ብሎ ያልጠራት።

አሁንም ደጅ ቆማለች፣ ጃንጥላዋ ተሰብሮ።
«ምን አሉሽ?»
«ቀጠሮ።»