የነፋስ ቆጣሪ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቆጣሪ አንብቤ፣
የየቤቱን ምሥጢር በቁጥር ሰብስቤ፣
ከፈረንጅ አራዳ ቆጪ ድረስ ዘልቄ፣
የሰው ኑሮ ልኩን በዲስኩ ዙር ዐውቄ፣
ስንት ውሻ ነክሶኝ፣ ስንት ሰው አኩርፎኝ፣
ጡረታ ስወጣ አንድ አመል ተረፈኝ፦
በአጥር ስንጥቅ ማየት የጎረቤት ቁጥር።
ምን ላድርግ? ዓይን መቼ ይታሰራል በክር?

ነዚፍን ታውቁት የለም? የሂርማታው ልጅ፣
ቀን ከሌት የሚጠግን የሞተ ፍሪጅ።
እናቱ ኑሪቱ፣ ከኔ አጥር ማዶ፣
ለሱብሒ ሲነሱ፣ ሐምሌ ቀድሞ ማልዶ፣
የጀሪካን ውሃ ጣታቸውን ሲነክስ፣
እሰማ ነበረ ጉልበታቸው ሲያለቅስ።
ጅማ ላይ ዝናብ እንግዳ አይደለም፤ ባለርስት ነው፤
ግድግዳው ሲያልበው፣ ብርድ ልብስ ሲረጥብ የሚስቀው እሱ ነው።
ከሰል ያው ከሰል ነው፣ እርጥቡ ይጨሳል፤
ቦይለር የገዛ ሰው ወር ሲደርስ ይከሳል።

ታዲያ ባንድ ሰሞን፣ ጎሕ ገና ሳይቀድ፣
እንፋሎት አየሁኝ ከጓሮ ሲሄድ።
የሚጤስ እንጨት የለ፣ አመድ የለ፣ ፍም፤
ቆጣሪውን ባይ፣ ዲስኩ አይጣደፍም!
ዕድሜ ልኬን ያየሁት የሌባ ቆጣሪ
እንዲሁ ነው የሚዞር፣ ቀስ እያለ፣ እንደ ፈሪ።
«ነዚፍ ሽቦ ቀጥሏል! ያ ጨዋ! ያ ትሑት!»
አልኩና ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አነጋሁት።

ባትሪዬን አነሣሁ። የሥራ ኮቴን ለበስኩ፤
መሥሪያ ቤቱ ገና ያላሰናበተኝ መሰልኩ።

«ሽቦው የታለ?» አልኩት።
«የቱ ሽቦ?» አለኝ።
«የሰረቅህበት!»
ሳቀና፣ እጄን ይዞ ወደ ጓሮ ወሰደኝ።

አንድ ሆቴል የጣለው፣ ዝገት የበላው ሞተር፤
መዳብ እንደ ሐረግ የተጠመጠመበት በርሜል፤ ዳር ዳር
ሰጋቱራ፣ በርጩማ ከሚፈለፍሉት የለመነው፣
በማዳበሪያ ታጭቆ፣ ሙቀቱን እንዲያቅፈው።

«ጋሽ ይርዳው፣ ይሄ አያነድም፤ ይሸከማል፤
ብርድ የምንለው አየርም ሙቀት ቋጥሮ ይከርማል።
ጋዙ ያንን ለቅሞ፣ ሲጨመቅ ይግላል፣
ለውሃው አራግፎ ባዶውን ይመለሳል።
መብራት የሚከፍለው የኩሊውን ምሳ፤
ጭነቱ የነፋስ ነው፦ አንድ ሰጥተህ ሦስት አንሣ።
ሰረቅህ ካልከኝም፣ ሰረቅሁ፤ ከነፋስ ላይ።
የነፋስን ቆጣሪ አንብበህ ታውቃለህ ወይ?»

በጀርባው በኩል ቀዝቃዛ ሲተነፍስ፣
ሳጥን ሠርቶለታል፣ ቅቤ እንዳይፈስ፣
የእናቱ አቮካዶ ቶሎ እንዳይበስል።
ያው አንዱ ትንፋሽ፣ ወዲህ ሲያሞቅ፣ ወዲያ ሲያበርድ ይውላል።

ይሄን ስናወራ መብራት ሄደ። ጭልም።
«ይኸው!» አልኩ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።
ሞተሩ ዝም አለ። የቀረው ዝናቡ ብቻ፣
አወይቱም ከታች፣ ሞልቶ፣ እያጉረመረመ ለብቻ።

ኑሪቱ ወጡ፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣
ቧንቧውን ከፈቱ በጨለማ ዳብሰው።
«ና ይርዳው፣ እጅህን አምጣ» አሉኝ፤ አመጣሁ።
ሞቀኝ። እስከ ክርኔ። አፈርኩ፤ ግን አላወጣሁ።

ሰጋቱራው ነው። በርጩማ ያልሆነ ትራፊ እንጨት
አቅፎ ያሳደረው የማታውን ሙቀት።

ቤቴ ገባሁ።
(ከበረደ ስድስት ክረምት ሆኖታል፤
ማን እንደሄደ አልናገርም።)
የድሮ መዝገቤን አውጥቼ ገለጥኩ፦
ቀን፣ የቤት ቁጥር፣ ያለፈው ንባብ፣ ያሁኑ፤
በመጨረሻው ዓምድ፣ «አስተያየት» በሚለው፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ባዶ በምተወው፣
ጻፍኩ፦ «ብርድ ውስጥ ሙቀት አለ። ቆጣሪ የለው።»
ትንሽ ቆየሁና፣ ከሥሩ፦
«ሽቦ አልተገኘም።»

እስክሪብቶ የያዘው እጄ
ገና አልበረደም ነበር።